ስሙ የጠፋ ፎቶግራፍ፦ የስደት ማኅበረሰቦች የፎቶ መዝገብና የቤተሰብ ትውስታ

መግቢያ

መቅደላ ከወደቀች ከሦስት ወር በኋላ፣ በሐምሌ 1868፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በእንግሊዝ አገር በዋይት ደሴት ካሜራ ፊት እንዲቀመጥ ተደረገ (በዚህ ጽሑፍ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዕድሜው ሰባት ዓመት ነበር። አባቱ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠውተዋል፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም የእንግሊዝ ጦር ወደ ባሕር ሲመለስ በመንገድ ላይ ዐርፈዋል። ፎቶግራፎቹን ያነሣችው በዘመኑ ስመ ጥር የነበረችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ናት። በአንዳንዶቹ ላይ የልጁ ሞግዚት የነበረው ካፒቴን ስፒዲ የኢትዮጵያ ልብስ ለብሶ አብሮት ይታያል። የሕፃኑን አቀማመጥም ሆነ የሥዕሉን ርእስ የወሰኑት ሌሎች ናቸው።

ልዑሉ በ1879 በ18 ዓመቱ ዐርፎ በዊንዘር ተቀበረ። ፎቶግራፎቹ ግን በሙዚየሞች ተጠብቀው እስከ ዛሬ ይገኛሉ። መልኩ አልጠፋም። የጠፋው ያ ሕፃን ስለ ራሱ ሊናገር ይችል የነበረው ቃል ነው፤ ከሥዕሉ ጋር አብሮ የመዘገበው ሰው አልነበረም።

የስደት ማኅበረሰቦችን በፎቶግራፍ መመዝገብ ማንነትን ለማቆየትና የቤተሰብን ትውስታ ለማስተላለፍ እንደሚረዳ በተደጋጋሚ ይነገራል። አባባሉ እውነትነት ቢኖረውም ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። ፎቶግራፍ የሚጠብቀው መልክን ነው። መልክ ወደ ትውስታ የሚለወጠው «ይህች አያትሽ ናት፤ ያ ከኋላዋ የቆመው ታላቅ ወንድሟ ነው» የሚል ሰው በአጠገቡ ሲኖር ነው። ስደት ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚለያየው ሥዕሉንና ይህን ተናጋሪ ነው። ስለዚህ የአንድ የስደት ማኅበረሰብ የፎቶ መዝገብ ዋጋ የሚለካው በሥዕሎቹ ብዛት ወይም ውበት ሳይሆን ስምና ትረካ ከሥዕሉ ሳይለዩ በመቆየታቸው ነው። ይህ ጽሑፍ ሐሳቡን በሁለት ማኅበረሰቦች ታሪክ ያብራራል፤ አንደኛው በኢትዮጵያ የኖሩት አርመናውያን፣ ሁለተኛው ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ናቸው።

መልክና ትረካ

ፈረንሳዊው ሮላንድ ባርት በ1980 ባሳተመው «ካሜራ ሉሲዳ» በተሰኘው መጽሐፉ ስለ ሟች እናቱ ሲጽፍ፣ ካገላበጣቸው ፎቶግራፎች ሁሉ እናቱን በእውነት ያገኘው በአንዱ ብቻ እንደሆነ ይተርካል። እርሱም እናቱ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች የተነሣችው ነው። መጽሐፉ በርካታ ሥዕሎች ቢኖሩትም ያ ፎቶግራፍ አልታተመበትም፤ እናትየዋን ለማያውቅ ተመልካች ከብዙ ተራ ሥዕሎች አንዱ ከመሆን አያልፍምና። የቤተሰብ ፎቶግራፍ ለባለቤቱ የሚሰጠው ትርጉም ከወረቀቱ ላይ እንደማይነበብ ይህ ምሳሌ በግልጽ ያሳያል።

ማርታ ላንግፎርድ ደግሞ በሞንትሪያል ማክኮርድ ሙዚየም የሚገኙ የቤተሰብ አልበሞችን አጥንታ በ2001 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ አልበም ከጽሑፍ ይልቅ ለቃል ትረካ የቀረበ ነገር መሆኑን ታስረዳለች። አልበም የሚሠራው ገጹን እያገላበጠ የሚናገር ሰው እንዳለ ታስቦ ነው። ወደ ቤተ መዛግብት ሲገባ ግን ጨዋታው ይቋረጣል፤ ሥዕሎቹ ይቀራሉ፣ ተራኪው ይለያል። ማሪያን ሂርሽ ያስተዋወቀችው «ድኅረ ትውስታ» የተሰኘ ጽንሰ ሐሳብም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ሂርሽ በተለይ ከናዚዎች እልቂት የተረፉ ሰዎችን ልጆች መነሻ አድርጋ፣ አንድ ትውልድ ያልኖረበትን ዘመን ከወላጆቹ በወረሳቸው ትረካዎችና ሥዕሎች አማካይነት የራሱ ትውስታ ያህል ሊሸከመው እንደሚችል ታሳያለች።

የሦስቱ ሐሳቦች መገናኛ አንድ ነው። ፎቶግራፍ ትውስታን የሚቀሰቅስ እንጂ ትውስታን በራሱ የያዘ ዕቃ አይደለም። በአገሩ፣ በቀዬው የሚኖር ቤተሰብ ይህን ጉድለት ሳያስተውለው ሊኖር ይችላል። ሥዕሉን የሚያውቅ አጎት ወይም ጎረቤት አይጠፋምና። በስደት ግን ሥዕሉ አንድ አገር፣ የሥዕሉን ሰዎች በስም የሚያውቀው ሽማግሌ ሌላ አገር፣ ሥዕሉን የሚወርሰው ልጅ ደግሞ ሌላ ቋንቋ ውስጥ ይሆናሉ።

የአልበም ባህል ከአገር ቤት እስከ ስደት

በኢትዮጵያ ከተሞች ፎቶግራፍ ወደ ተራው ቤተሰብ የገባው በአመዛኙ በፎቶ ቤት በኩል ነው። ለበዓል፣ ለምረቃ፣ ለሠርግ ወይም ለጉዞ ዋዜማ ሰው ክት ልብሱን ለብሶ ከተሳለ መጋረጃ ፊት ይቆማል። ከዚያ በኋላ ሥዕሉ ሁለተኛ ሥራ ይጠብቀዋል፤ ከጀርባው ይጻፍበታል። ለማን እንደተሰጠ፣ በምን ቀን እንደተነሣ፣ ተቀባዩ ሰጪውን እንዳይረሳ የሚማጠን አጭር ቃል። «ለማስታወሻ» የሚለው ቃል በአሮጌ ፎቶግራፎች ጀርባ ደጋግሞ የሚገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰጪው ሥዕሉ ብቻውን እንደማይበቃ ያውቃል፤ ስለዚህ ስሙን ያክልበታል።

አልበሙም እንዲሁ የቃል ዕቃ ነው። እንግዳ ሲመጣ ቡናው እስኪፈላ አልበም ይቀርብለታል፤ የቤቱ እመቤት ወይም ከልጆቹ አንዱ አጠገቡ ተቀምጦ እየጠቆመ ያስተዋውቀዋል። ከአንድ ሥዕል አንድ ሠርግ፣ ከሠርጉ አንድ ጠብ፣ ከጠቡ አንድ እርቅ ይመዘዛል። ልጆች የዘመድ ሐረጋቸውን ከሚማሩባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘው ፕሮጀክት ከቤተሰብ አልበሞች የሰበሰባቸውን ፎቶግራፎች ከባለቤቶቻቸው ትረካ ጋር በመጽሐፍ ማውጣቱ የዚህን ባህል ጠባይ የተረዳ አሠራር ነው። ትረካው ቢወጣለት ከመጽሐፉ የሚቀረው ስለ ልብስና ስለ ጸጉር አሠራር የሚያወሳ ሥዕል ብቻ በሆነ ነበር።

ቤተሰብ በስደት ሲለያይ ፎቶግራፍ በሁለት አቅጣጫ መጓዝ ይጀምራል። ከውጭ ወደ አገር ቤት በበረዶ ላይ፣ በመኪና አጠገብ፣ በምረቃ ካባ የተነሡ ሥዕሎች ይላካሉ። ከአገር ቤት ወደ ውጭ ደግሞ የእናትና የአባት መልክ፣ ያላዩት የእኅት ልጅ ክርስትና ይሄዳል። እነዚህ ሥዕሎች እውነቱን ሁሉ አይናገሩም። መኪናው የላኪው ላይሆን ይችላል፤ እናትም ሕመሟን ሸሽጋ ፈገግ ብላ ተነሥታ ይሆናል። ይህ ግን ከመዝገብነት አያወጣቸውም፤ ላኪው በምን መልክ ሊታወስ እንደፈለገ የሚያሳዩት እነርሱ ናቸውና።

የፎቶግራፉ ክብደት ይበልጥ የሚታየው በሞት ጊዜ ነው። በልማድ ለቅሶ ላይ የሟች ልብስ፣ ጋሻና ጠመንጃ ይወጣ ነበር፤ አልቃሽም እነርሱን እያነሣች ታስለቅሳለች። ዛሬ በዋሽንግተን ወይም በፍራንክፈርት የሚኖር ሰው የእናቱን መርዶ ሲሰማ አስከሬንም ልብስም በአጠገቡ የለም። ለቀስተኛው የሚሰበሰበው በመስታወት ውስጥ ባለ ፎቶግራፍ ዙሪያ ነው። ከለቀስተኞቹ ብዙዎቹ ሟቿን አይተዋት ስለማያውቁ ልጅየው ሥዕሉን ይዞ ማን እንደነበረች ይናገራል። ፎቶግራፉ የአስከሬኑን ቦታ፣ ልጁም የአልቃሿን ቦታ ይወርሳሉ።

ካሜራውን የያዘ ስደተኛ፦ የአዲስ አበባ አርመናውያን

ስለ ስደት ሲወራ ኢትዮጵያ ሰው የሚወጣባት አገር ሆና ብቻ መታሰቧ ስሕተት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዲስ አበባ ከኦቶማን ግዛት ለወጡ አርመናውያን መጠጊያ ነበረች። ከእነርሱም መካከል ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። ቤድሮስ ቦያጂያን የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም (ቶኒ) ሙያውን ወረሱ። ቶኒም በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ፎቶ አንሺነቱ ይታወቃል። ኢትዮጵያውያን የነገሥታቶቻቸውን መልክ ከሚያስታውሱባቸው ሥዕሎች ብዙዎቹ ከአንድ ስደተኛ ቤተሰብ እጅ የወጡ ናቸው ማለት ነው።

የዚሁ ማኅበረሰብ ታሪክ ሌላው ምዕራፍ «አርባ ልጆች» በሚል ስም ይታወቃል። ራስ ተፈሪ መኰንን በ1924 ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመን ገዳም ከ1915ቱ የዘር ማጥፋት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች የሙዚቃ ጓድ አገኙ። ከፓትርያርኩ ፈቃድ ተቀብለውም አርባዎቹን በዚያው ዓመት ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በኋላ የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር የሆነውን ዜማ ደረሰ። ልጆቹ ከነሙዚቃ መሣሪያቸው ተሰልፈው የተነሡት የቡድን ፎቶግራፍ በብዙ ጽሑፎች ታትሟል። ተመልካቹ ግን «አርባ ልጆች» ብሎ ያልፋል። ከአርባው ውስጥ ጥቂቱን እንኳ በስሙና በአባቱ ስም ለይቶ የሚያውቅ ከማኅበረሰቡ ውጭ ብዙ ሰው የለም። ቁጥሩ ስም ሆኗል።

አርመናውያን በኢትዮጵያ በ1960ዎቹ እስከ 1,200 የሚደርሱ እንደነበሩ ይገመታል። ከ1974ቱ አብዮትና ንብረት ከተወረሰ በኋላ አብዛኛው ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳና ወደ አውሮፓ ሄደ። ዛሬ በአዲስ አበባ የቀሩት ከመቶ ያነሱ ናቸው። ስለዚህ የአዲስ አበባ አርመናዊ ቤተሰብ አልበም ሁለት ጊዜ ተሰድዷል፤ አንድ ጊዜ ከአናቶሊያ፣ ሌላ ጊዜ ከአዲስ አበባ። በአንድ አልበም ውስጥ የአርመንኛ፣ የፈረንሳይኛና የአማርኛ ጽሑፍ ጎን ለጎን ሊገኝ ይችላል። በሎስ አንጀለስ የተወለደ የልጅ ልጅ ሦስቱንም ላያነብ ይችላል። አያቱ የቆሙበት ሕንፃ በፒያሳ እንደሚገኝ ሊነግረው የሚችለው ደግሞ አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው ነው።

ለዚህ ችግር ከተሰጡ መፍትሔዎች መካከል በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት የሚገኘው «ፕሮጀክት ሴቭ» የተባለ የአርመናውያን ፎቶግራፍ ቤተ መዛግብት በተለይ ይጠቀሳል። ሩት ቶማሲያን በ1975 የመሠረተችው ይህ ተቋም ከቤተሰቦች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶግራፎችን ሰብስቧል። ትምህርት የሚሆነው አሠራሩ ነው። ፎቶግራፍ ለሚያመጣው ሰው በሥዕሉ ላይ እነማን እንዳሉ፣ የት እንደተነሡ፣ ሥዕሉ በምን መንገድ ወደ እርሱ እንደደረሰ ይጠየቃል፤ መልሱም የመዝገቡ አካል ይሆናል። ለጋሹ ሥዕሉን ብቻ አስረክቦ አይሄድም፤ ቃሉንም ይሰጣል።

ካሜራ ፊት የቆመ ስደተኛ፦ ቤተ እስራኤል

አርመናውያን ካሜራውን በእጃቸው ይዘው ነበር። የቤተ እስራኤል ታሪክ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በጎንደር አካባቢ እንደ ወለቃና አምቦበር ባሉ መንደሮች የኖረውን ይህን ማኅበረሰብ በቀድሞ ዘመን ፎቶግራፍ ያነሡት በብዛት ከውጭ የመጡ ሰዎች ናቸው፦ ተመራማሪዎች፣ ሚስዮናውያን፣ የእርዳታ ሠራተኞችና ጎብኚዎች። ለምሳሌ ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 ከጀመራቸው ጉዞዎች ጋር የተያያዙ ፎቶግራፎች በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። እንዲህ ያሉ ስብስቦች ዋጋቸው ታላቅ ነው፤ ነገር ግን አንሺው የፈለገው ዐይነተኛ ሰው ነበርና መግለጫው ብዙ ጊዜ «ሸክላ ሠሪ ሴት»፣ «አንጥረኛ» ወይም «ቄስ» ብሎ ይቆማል። ሸክላ ሠሪዋ የማን ልጅ፣ የማን እናት እንደነበረች አልተጠየቀችም።

የስደቱ ሁኔታ ጉድለቱን አባባሰው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ብዙዎች በሌሊት፣ በእግራቸው፣ በስውር ወደ ሱዳን ተጓዙ። በመንገድና በመጠለያ ጣቢያዎች ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል፤ በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 የተካሄደው ዘመቻ ሙሴ በሺዎች የሚቆጠሩትን ከሱዳን ወሰደ። እንዲህ ባለ ጉዞ ስንቅና ሕፃን እንጂ አልበም አይታዘልም። ከሞቱት መካከል አንድም ፎቶግራፍ ያልተነሡ ብዙዎች መኖራቸው አያጠራጥርም። የእነርሱ መልክ ያለው በሚያስታውሷቸው ሰዎች ቃል ውስጥ ብቻ ነው።

በግንቦት 1991 በተካሄደው ዘመቻ ሰለሞን በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በዚህ ጊዜ ካሜራ አልጠፋም። ከዘመቻው ሥዕሎች ብዙ ጊዜ የሚታተሙት ግንባራቸው ላይ ቁጥር የተለጠፈባቸውን ሕፃናትና እናቶች የሚያሳዩት ናቸው። ቁጥሩ የተለጠፈው በጥድፊያው መካከል ቤተሰብ ከቤተሰብ እንዳይለያይ ነበር፤ ዓላማው በጎ ነው። ሆኖም በሥዕሉ ላይ የሰው ስም መነበብ በነበረበት ቦታ የሚነበበው ቁጥር ነው። ከዚያም አልፎ ብዙዎች እስራኤል ሲደርሱ አዲስ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። ሥዕሉ ላይ ያለው ሕፃን በ1991 በቁጥር፣ ከሳምንታት በኋላ በሌላ ስም ተመዘገበ። እናቱ ያወጣችለት ስም በየትኛውም ወረቀት ላይ ላይገኝ ይችላል።

ሪኪ ሮዘን የተባለች ፎቶ ጋዜጠኛ የሠራችው ሥራ እዚህ ላይ ሊታይ ይገባዋል። ሮዘን በዘመቻ ሰለሞን ጊዜ ያነሣቻቸውን ሰዎች ከዓመታት በኋላ ፈልጋ እንደገና አነሣቻቸው። ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን የሚያሳየው መጽሐፏም በ2006 ታትሟል። በመጀመሪያው ሥዕል ጋቢ የለበሰ ልጅ በሁለተኛው የወታደር ወይም የተማሪ ልብስ ለብሶ ሲታይ፣ ብዙ ተመልካች ትኩረቱን የሚያሳርፈው በልብሱ ለውጥ ላይ ነው። ለመዝገብ ሥራ ዋናው ትምህርት ግን ሌላ ነው። ሁለተኛው ሥዕል ሊነሣ የሚችለው ሰውየው ማን እንደሆነ ከታወቀ፣ ከተገኘና ፈቃዱ ከተጠየቀ በኋላ ነው። በዚህም የመጀመሪያው ፎቶግራፍ፣ የዜና ሥዕል የነበረው፣ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ለመሆን በቃ።

የማኅበረሰቡ የራሱ ካሜራ የሚታይበት አንዱ ሥፍራ የስግድ በዓል ነው። በጎንደር ተራሮች ላይ ይከበር የነበረው ይህ በዓል በእስራኤል ምክር ቤት ውሳኔ ከ2008 ጀምሮ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። ቄሶቹ ባለ ጌጥ ጥላ ይዘው በኢየሩሳሌም ሲወጡ፣ ወጣቶች በስልካቸው የሚያነሡት ጥላውን ሳይሆን ከጥላው ሥር ያሉትን አያታቸውን ነው። የውጭ አንሺ «ቄስ» ብሎ የመዘገበውን የልጅ ልጁ «አባባ» ብሎ ይመዘግባል። ልዩነቱ ያለው በካሜራው ጥራት ሳይሆን በመጥሪያው ቃል ላይ ነው።

ስም፣ ዘመንና ቦታ፦ የአመዘጋገብ ችግሮች

ትረካን ከሥዕል ጋር ማቆየት ሲባል ቀላል ይመስላል። በተግባር ግን ሦስት ችግሮች ያጋጥማሉ።

የመጀመሪያው የስም አወቃቀር ነው። ብዙ የቤተ መዛግብት ቅጾች «የቤተሰብ ስም» የሚል ቦታ አላቸው። በኢትዮጵያውያን ልማድ ሰው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው፤ ሚስትም ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም። ቅጹ ሁለተኛውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሲወስደው ባል፣ ሚስትና ልጆች በሦስት የተለያዩ ቤተሰቦች ሥር ተበትነው ይመዘገባሉ። በስደት አገር ደግሞ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ሲጸድቅ ወንድማማቾች በሁለት አገር በሁለት የተለያየ ስም ይጠራሉ። የፊደሉም ጉዳይ አለ፤ «ፀሐይ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል በብዙ ዐይነት ስለሚጻፍ አንዲት ሴት በአንድ መዝገብ ውስጥ አራት ሰው ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ስሙ በመጀመሪያ በራሱ ፊደል፣ ከአባትና ከአያት ስም ጋር፣ ከቤት ስሙም ጋር መጻፍ አለበት።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ከአንድ ፎቶግራፍ ጀርባ «1977» ተጽፎ ቢገኝና መዝጋቢው የኢትዮጵያን አቆጣጠር ባያውቅ፣ ሥዕሉን ከዘመቻ ሙሴ ሰባት ዓመት ቀድሞ ያስቀምጠዋል። በእርግጥ ግን 1977 ዓ.ም. የዘመቻው ዓመት ነው። ከጉዞው በፊት በመንደር በሰላም የተነሣ የሚመስለው ሥዕል በስደቱ ዋዜማ የተነሣ የመጨረሻው ሥዕል ሊሆን ይችላል። የሰባትና የስምንት ዓመት ስሕተት የአንድን ቤተሰብ ታሪክ ትርጉም ይለውጣል። መዝጋቢው ከጀርባ የተጻፈውን እንዳለ ገልብጦ የራሱን ስሌት ለብቻው ማስፈር ይገባዋል።

ሦስተኛው የመሣሪያው ለውጥ ነው። ዛሬ የስደተኛው አልበም ስልኩ ነው። በዐረብ አገራት በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ ብዙ ሴቶች ከቤተሰባቸው ጋር የሚተያዩት በኢሞና በዋትስአፕ ነው። ስልኩ በአሠሪ ሲነጠቅ ወይም ሲሰበር የዓመታት ሥዕል አብሮ ይጠፋል። በመልእክት መተግበሪያ የሚላክ ፎቶ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መጠኑ ተጨምቆ፣ ከፋይሉ ጋር የነበረው የቀንና የቦታ መረጃም ተራግፎ ይደርሳል። የድሮው ፎቶግራፍ ቢያንስ የሚጻፍበት ጀርባ ነበረው፤ የስልኩ ሥዕል ጀርባ የለውም።

የአሠራር ነጥቦች

ከላይ ከተነሡት ጉዳዮች በመነሣት በዚህ መስክ ለሚሰማሩ ተመራማሪዎች ጥቂት ነጥቦችን ማመልከት ይቻላል።

አንደኛ፣ ሥዕልና ድምፅ በአንድ ጊዜ ይሰብሰቡ። አልበሙን የሚያውቀው ሽማግሌ ገጹን እያገላበጠ ሲናገር በድምፅ ይቀረጽ፤ የእያንዳንዱ ሥዕል መለያ ቁጥር በቀረጻው ውስጥ ይነገር። ጥያቄው «ይህ ማን ነው?» ብቻ አይሁን። «ማን አነሣው? ለማን ተላከ? እንዴት እዚህ ደረሰ? ከሥዕሉ የጎደለ ማን አለ?» የሚሉት ይጨመሩ። የመጨረሻው ጥያቄ በስደት ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ረጅሙን መልስ ያስገኛል።

ሁለተኛ፣ የፎቶግራፉ ፊትም ጀርባም ይቀዳ። ለታተሙ ፎቶግራፎች በኢንች 600 ነጥብ፣ ባልተጨመቀ የፋይል ዐይነት መቅዳት የተለመደ መለኪያ ነው። ባለ ቀለም ሥዕል በጥቁርና ነጭ ከታጠበው ቀድሞ ስለሚደበዝዝ ቅድሚያ ይሰጠው። ከሙጫ ገጽ ጋር የተጣበቀ ሥዕል በኃይል አይላቀቅ፤ ከነገጹ ይቀዳ። በጀርባው መጻፍ ካስፈለገ በእስክሪብቶ ሳይሆን በለስላሳ እርሳስ ይሁን። ቅጂው ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጥ።

ሦስተኛ፣ ፈቃድ አንድ ጊዜ ተጠይቆ የሚዘጋ ጉዳይ አይደለም። የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው ዛሬ የተነሣው ሥዕል ነገ ሊያስጠይቀው ይችላል። በሌላ አገር ትቶት የመጣውን ትዳር ለአዲሱ ቤተሰቡ ያልነገረ ሰውም ይኖራል። ስም መመዝገብ የሚያስከብረውን ያህል ስም ማውጣት ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ መዝገቡ ስሙን በተዘጋ ክፍል ይዞ ሥዕሉን ብቻ የሚያሳይበት፣ ባለቤቱም ሐሳቡን የሚለውጥበት በር ሊኖረው ይገባል።

አራተኛ፣ ሥዕሉ ወደ ባለቤቱ ይመለስ። በውጭ ቤተ መዛግብት ያሉ ስም አልባ ሥዕሎች በቅጂ መልክ ወደ ማኅበረሰቡ ሽማግሌዎች ሲመለሱ መዝገቡም ይሞላል። ተቋሙ ሥዕል ይሰጣል፤ ማኅበረሰቡ ስም ይመልሳል። እንዲህ ያለው ልውውጥ ተመራማሪውን ከወሳጅነት ያወጣዋል።

ማጠቃለያ

በ1984 በአርባ ዓመቱ ከጎንደር ወደ ሱዳን በእግሩ የሄደ ሰው ዛሬ ከሰማንያ አልፏል። በ1924 አዲስ አበባ የገቡትን አርባ ልጆች በዐይኑ ያየ ሰው ለማግኘት ጊዜው አልፏል፤ የቀረው የልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ቃል ነው። ፎቶግራፎቹ በአግባቡ ከተያዙ ገና ብዙ ዘመን ይቆያሉ። የሚቀድመው የተናጋሪዎቹ መሄድ ነው። ስለዚህ የስደት ማኅበረሰቦችን የፎቶ መዝገብ በተመለከተ አጣዳፊው ሥራ አዲስ ሥዕል ማንሣት ሳይሆን በእጅ ያሉትን ሥዕሎች ሰዎቹን ከሚያውቁ ሽማግሌዎች ፊት ማቅረብ ነው።

የልዑል ዓለማየሁን ፎቶግራፍ ዛሬ የሚመለከት ሰው የልጁን ዐይን ያያል፣ ያሰበውን ግን ሊያውቅ አይችልም። ያ ጉድለት ከእንግዲህ አይሞላም። በየስደተኛው ቤት ግን ገና ሊሞሉ የሚችሉ ጉድለቶች አሉ። አልበሙ በእጅ ነው፤ ስሙን የሚያውቁት እናትም ገና አሉ።